የድንጋይ ከሰል ተረፈ ድንጋይ ለሙሌት ሲውል፦ ችግሮቹና መፍትሄያቸው

ከከሰል ማውጫ የሚጣለው ድንጋይ በአብዛኛው ሼል (በስሱ የሚሰነጠቅ ንብርብር ድንጋይ) እና የጭቃ ድንጋይ ነው፤ በውስጡ ትንሽ ከሰልና ፒራይት (ብረትና ድኝ ያለበት ማዕድን) ይቀራል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው አየርና ውሃ እነዚህን ሲያገኙ ነው።

ሙሌቱ ይሞቃል፣ ይጨሳል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል

ምክንያት፦ ሳይጠቀጠቅ ተደፍቷል። ከገልባጭ መኪና ሲራገፍ ትልልቁ ድንጋይ ተንከባሎ ግርጌ ላይ ይከማቻል፤ አየር በዚያ ይገባል፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል።

መፍትሄ፦ ውሃ አይፍሰስበት። የጋለው ከሰል ውሃ ሲያገኝ እንፋሎቱ ሊፈነዳ፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ሊፈጠር ይችላል። የጋለውን ክፍል በኤክስካቫተር አውጥቶ፣ በስሱ ዘርግቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መልሶ መጠቅጠቅ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ያልያዘ ሰው አይጠጋ። ከመነሻው ከ20 እስከ 30 ሴ.ሜ በሆነ ንብርብር ተነጥፎ ቢያንስ 95 በመቶ ፕሮክተር (በላቦራቶሪ ፍተሻ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት 95 በመቶ) ከተጠቀጠቀ ይህ አይከሰትም ማለት ይቻላል።

ወለሉ ወደ ላይ ተገፍቶ ይሰነጠቃል፣ የመሠረቱ ኮንክሪት ይለሰልሳል

ምክንያት፦ ፒራይት ሲበሰብስ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣል፤ አሲዱ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ካገኘ ጂፕሰም ይሠራል፤ ጂፕሰሙ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ወለሉን ያነሳል። ውሃ ውስጥ የሟሟው ሰልፌት ደግሞ ሲሚንቶውን ይበላል።

መፍትሄ፦ ከተሠራ በኋላ ሙሌቱን አውጥቶ በንጹህ ሴሌክት (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት አፈር) ከመተካት የተሻለ መንገድ የለም። ስለዚህ ፍተሻው አስቀድሞ ይደረግ። ብዙዎች የሚሟሟውን ሰልፌት ብቻ ያስለካሉ፤ ይህ የዛሬውን እንጂ ገና ያልበሰበሰውን ፒራይት አያሳይም፤ ጠቅላላ ሰልፈርም ይለካ። ሙሌቱ ከኮንክሪት ቢያንስ 50 ሴ.ሜ ይራቅ፤ በቤት ወለል ሥር ግን ባይገባ ይመረጣል። አፈር ለማጠንከር ኖራ መቀላቀል የለመደ ሰው እዚህ ይጠንቀቅ፦ ኖራና ሰልፌት ሲገናኙ ኤትሪንጋይት (ውሃ ይዞ የሚያብጥ ማዕድን) ይፈጠራል፣ እብጠቱም ይብሳል። ቀይ ሆኖ የተቃጠለው ድንጋይም ጠንካራ ቢሆን እንኳ ሰልፌቱ ብዙ ሊሆን ስለሚችል ከፍተሻ አያመልጥም።

ከግርጌው ብርቱካናማ ውሃ ይወጣል

የብረት ዝቃጭ ያለበት አሲድ ነው። የላይኛውን ውሃ በቦይ ማዞር፣ ሙሌቱን በሸክላ አፈር መሸፈን። ገና ያልተነጠፈና ከወለል ሥር የማይገባ ከሆነ (ከወለል ሥር ጂፕሰሙ ያነሳዋልና) የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ይቀላቀልበት፤ ለአንድ ቶን ድንጋይ፣ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የፒራይት ሰልፈር፣ 31 ኪ.ግ ገደማ ንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል።

ከዝናብ በኋላ ይሰምጣል

ጓሉ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል፣ ባዶው ቦታ ይሞላል። ጥቂት ጓል ባልዲ ውሃ ውስጥ ያሳድሩ፤ ጠዋት ጭቃ ከሆነ፣ እርጥበቱን አስተካክሎ በባለጥርስ ሮለር እየሰባበሩ ማንጠፍ ነው። ውሃ በሚተኛበት ቦታ ግን አይሞላ።