የትዳር ቪዛ ኢንተርቪው ዝግጅት፦ ከጥያቄው በፊት ቀኖቻችሁን አስተካክሉ

ኢንተርቪው የደረሰለት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ምን ምን ብለው ይጠይቃሉ?" ነው። እኔም ያኔ እንደዛው ነበርኩ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የባሌን የሥራ ሰዓት ሳይቀር ስሸመድድ ከረምኩ፣ ያስቸገረኝ ግን ጥያቄው ሳይሆን የገዛ ወረቀቴ ላይ የነበረ አንድ ቀን ነው። ይሄን የምጽፈው ባል ወይም ሚስት አሜሪካ ሆነው ፕሮሰስ ለጀመሩላችሁና አዲስ አበባ ኤምባሲ ለምትቀርቡ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ የሚፈጁትን ነገሮች ጨርሱ። የሜዲካል ምርመራ ኤምባሲው በመረጣቸው ቦታዎች ብቻ ነው የሚደረገው፣ ሌላ ሆስፒታል የተመረመራችሁት አይሰራም። የክትባት ካርድ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ራጁ ላይ የቲቢ ጥርጣሬ ካለ የአክታ ምርመራ ይታዘዛል፣ ካልቸሩ (ተህዋሲያኑ ላብራቶሪ ውስጥ እስኪያድጉ የሚጠበቅበት ምርመራ) ሁለት ወር ገደማ ስለሚፈጅ "ኢንተርቪው ሳምንት ሲቀረው እሄዳለሁ" አትበሉ። የፖሊስ ማስረጃም እንደዛው። ዱባይ፣ ቤሩት ምናምን ሰርታችሁ የተመለሳችሁ ደግሞ ከ16 ዓመታችሁ በኋላ 12 ወርና ከዛ በላይ ከኖራችሁበት አገርም የፖሊስ ወረቀት ትጠየቃላችሁ፣ እሱን ከዚህ ሆኖ ማስመጣት አድካሚ ስለሆነ ዛሬውኑ ጀምሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ቀን። እኛ የተጋባነው ጥር 12 ቀን 2011 ነው፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ እሁድ። ዲኤስ 260 ፎርሙን (ኦንላይን የሚሞላውን የቪዛ ማመልከቻ) ራሴ መሙላት ፈርቼ ፎርም ለሚሞላ ሰው ከፈልኩ። ሰውዬው ጥርን ጃንዋሪ አድርጎ 12ን እንዳለ አስቀመጠው፣ ጃንዋሪ 12፣ 2019 ብሎ። ባሌ ደግሞ አሜሪካ ሆኖ አይ 130 (እሱ ለኔ ያስገባው ማመልከቻ) ላይ በትክክል ጃንዋሪ 20 ብሎ ሞልቷል። እኔ አላነበብኩትም፣ የከፈልኩበት ስለሆነ ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩ። መስኮቱ ጋ ቆሜ "መቼ ተጋባችሁ?" ስባል ጥር 12 አልኩ፣ አስተርጓሚዋ ጃንዋሪ 20 ብላ ተረጎመች፣ ኦፊሰሩ ወደ ስክሪኑ አየ፣ ከዛ ወደ እኔ፣ ከዛ እንደገና ወደ ስክሪኑ። እጄ ሲቀዘቅዝ ይታወቀኛል። ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ የሚል ወረቀት ተሰጠኝና ጉዳዬ 4 ወር ተንጠለጠለ። ባሌ የቆረጠውን ትኬት ሰረዘ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። አንድ ወረቀት ውሰዱና ሁሉንም ቀን በሁለት ረድፍ ጻፉ፣ በኛና በፈረንጅ፦ ልደት፣ ትውውቅ፣ ሽማግሌ የተላከበት፣ ሰርግ ወይም ኒካ፣ ጋብቻው የተመዘገበበት፣ ባላችሁ ከአሜሪካ የመጣበትና የተመለሰበት ጉዞ በሙሉ። ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ነው የሚገባው፣ ወር ለወር ዝም ብሎ አይገጥምም። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ደግሞ በአንድ ቀን ይገፋል፣ ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2012 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው፣ 11 አይደለም። የስልክ አፕ መጠቀም ጥሩ ነው ግን አፑንም አትመኑ፣ የሳምንቱን ቀን አመሳክሩ። ሰርጋችሁ እሁድ ከነበረ የፈረንጁም ቀን እሁድ መዋል አለበት። የኔን ብታዩት ጃንዋሪ 12፣ 2019 ቅዳሜ ነው፣ ይሄን ባደርግ ኖሮ በአንድ ደቂቃ አገኘው ነበር።

የጋብቻ ሰርተፍኬት ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን አለ፣ የተመዘገበበት አለ፣ ወረቀቱ የተሰጠበትም አለ። ፎርም ላይ የሚሞላው የተፈጸመበት ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ከዛ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ባላችሁ የላከውን አይ 130 ኮፒ፣ የራሳችሁን ዲኤስ 260 እና ሰርተፍኬቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። ስምም እንደዛው፣ የእንግሊዝኛው ስፔሊንግ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። ፎርሙ አንዴ ከገባ ይቆለፋል፣ ስህተት ካገኛችሁ ኤንቪሲን (አሜሪካ ያለውን የቪዛ ፋይል ማዕከል) ወይም ኤምባሲውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ካልሆነም ኢንተርቪው ላይ ገና ሳትጠየቁ "እዚህ ጋ ስህተት አለ" ብላችሁ ተናገሩ። የሆነ ሰው "ወረቀቱን በዛ ቀን አሰራልሻለሁ" ካላችሁ ግን ሽሹ፣ ሀሰተኛ ሰነድ ወይም ውሸት ከተገኘ እስከመጨረሻው ሊያስከለክል ይችላል።

ማስረጃ ላይ ፎቶ ብቻ ይበቃል አትበሉ። ከሰርግ አልበሙ አስር አስራ አምስት ምረጡ፣ ቤተሰብ የሚታይበት፣ መልሱም ቅልቅሉም ይኑርበት፣ ከኋላው ቀንና ማን እንደሆነ ጻፉ። የገንዘብ ዝውውር፣ የጉዞ ትኬት፣ የቻት ከየወሩ ትንሽ ትንሽ። የጥሪ ካርዱን ደግሞ በፍጹም እንዳትረሱ። የኔ ካርድ "እሁድ ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም." ተብሎ በወርቃማ ቀለም ታትሞበት እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ ኋላ ላይ ከሰርተፍኬቱ ጋር ያስገባሁት እሱን ነው። በውክልና ወይም በስልክ ኒካ ያሰራችሁ ካላችሁ፣ ከዛ በኋላ በአካል ተገናኝታችሁ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ እንደነበራችሁ የሚያሳይ ነገር ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ጋብቻው አይቆጠርላችሁም።

ስፖንሰር፦ አይ 864 (ባላችሁ በገንዘብ እንደሚደግፋችሁ ቃል የሚገባበት ፎርም)፣ የታክስና የቅርብ የደሞዝ ወረቀት። ገቢው ከአሜሪካ የድህነት መስመር 125 ፐርሰንት ካልደረሰ ጆይንት ስፖንሰር (አብሮት የሚፈርም ሌላ ዋስ) አሁኑኑ ይፈልግ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ነው፣ ሰዓቱ በፈረንጅ ስለሚጻፍ 7:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30 መሆኑን ልብ በሉ። ስልክ ይዞ አይገባም፣ ውጭ ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡት። ኦርጅናሉንም ኮፒውንም በቅደም ተከተል አድርጉ። ቀኝ እጅ ታነሱና እውነት እንደምትናገሩ ትምላላችሁ። አማርኛ የሚቀላችሁ ከሆነ በአማርኛ አውሩ፣ እንግሊዝኛ ስለቻላችሁ የሚጨመርላችሁ ነገር የለም። እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ስንቴ መጣ፣ ምን ይሰራል፣ ከዚህ በፊት አግብቶ ያውቃል ወይ፣ ልጅ አለው ወይ፣ እንዲህ ያለ ነው። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። የተሸመደደ መልስ ያስታውቃል፣ ባልና ሚስት የሆነ ሰው አንዳንዱን ነገር ቢረሳ ግን ምንም አይደለም።

ካለፋችሁ ከመብረራችሁ በፊት የዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ክፍያውን (አሁን 235 ዶላር ነው) ኦንላይን ክፈሉ፣ የታሸገ ፖስታ ከተሰጣችሁ አትክፈቱት። ፓስፖርቱን ስትቀበሉም ለመሳም አትቸኩሉ፣ ቪዛው ላይ ያለውን ስምና የትውልድ ቀን እዛው ቆማችሁ አንብቡ፣ ስህተት ካለ እዛው አስመልሱት።