ባች ፋይሉ ትክክለኛውን ፓስወርድ እምቢ ሲል፣ ወይም ማንንም ሲያስገባ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) በር አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤትም ሆነ ጣና ዳር የጀልባ ቲኬት በሚቆረጥበት ጠረጴዛ፣ አንዱን ኮምፒውተር ሦስት አራት ሰው ይቀባበለዋል። የዕለቱን ሒሳብ ወይም የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ለመጠበቅ ፓስወርድ የሚጠይቅ አጭር ባች ፋይል (ዊንዶውስ በተራ የሚያስኬዳቸው ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) መጻፍ የተለመደ ነው። ከዚህ በታች «ፓስ» ያልነው ሰውየው የተየበውን፣ «ዋና» ያልነው ደግሞ ፋይል ውስጥ የተቀመጠውን ነው። ትእዛዞቹን ለንባብ በፊደላችን ጻፍናቸው እንጂ ኖትፓድ ላይ የሚተየቡት በላቲን ነው።

ትክክለኛው ፓስወርድ ሁልጊዜ «ተሳስተሃል» ይባላል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማይታይ ስፔስ ነው። «ሴት ፓስ = ጣና2017» ብለው በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ስፔስ ካስገቡ፣ ኮምፒውተሩ የሚፈጥረው ስሙ በስፔስ የሚያልቅ ሌላ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ነው። %ፓስ% ባዶ ሆኖ ይቀራል። መጻፍ ያለበት ስፔስ ሳይኖረው፣ በጥቅስ ታቅፎ ነው፦

ሴት "ፓስ=ጣና2017"

ሁለተኛው ስፔስ ፓስወርዱ የሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ ይደበቃል። ኤኮ ጽሑፍ የሚያወጣ ትእዛዝ ነው፤ ቀስቱ ጽሑፉን ወደ ፋይል ይልካል። «ኤኮ %ፓስ% > ዋና.ቲኤክስቲ» ሲሉ ከቀስቱ በፊት ያለው ስፔስ አብሮ ይጻፋል። ይህን ለማየት ፋይሉን መክፈት አይበጅም፤ በቀኝ ጠቅ አድርገው ፕሮፐርቲስ ውስጥ መጠኑን ያንብቡ። በላቲን የተተየበው ጣና2017 8 ቁምፊ ነው፤ ኤኮ መስመር ሲዘጋ 2 ባይት ይጨምራል፤ ድምሩ 10 መሆን አለበት። 11 ካለ ስፔሱ እዚያ አለ። ስፔሱን አጥፍቶ ቀስቱን ማስጠጋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ «ጣና 5» ዓይነት ከስፔስ ቀጥሎ በአንድ አሃዝ የሚያልቅ ፓስወርድ ከሆነ፣ አሃዙ የቀስቱ አካል ተደርጎ ይወሰድና ከፓስወርዱ ይጎድላል። ቀስቱን ፊት ማምጣት ሁለቱንም ይፈታል (%~ዲፒ0 ማለት ባች ፋይሉ ያለበት ፎልደር ነው፤ !ፓስ! የሚሠራው ከታች የምንጠቅሰው «ሴትሎካል» ሲበራ ነው)፦

>"%~ዲፒ0ዋና.ቲኤክስቲ" ኤኮ(!ፓስ!

ፋይሉን በኖትፓድ ኢንተር ሳይጫኑ ጽፈውት ከሆነ ትክክለኛው መጠን 8 ነው። 11 ካሳየ ኖትፓድ መጀመሪያው ላይ ባለ 3 ባይት የዩቲኤፍ-8 ምልክት ጨምሯል፤ 18 ካሳየ በዩቲኤፍ-16 ተቀምጧል። ሴቭ አዝ ብለው ኢንኮዲንጉን አንሲ ያድርጉት።

ፓስወርዱን በአማርኛ ፊደል የመረጠ ሰው የባሰ ችግር ይገጥመዋል። ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት በተለመደው የኮድ ገጹ (የፊደል ሠንጠረዡ) ግዕዝን ስለማያውቅ፣ ኤኮ ፋይሉ ላይ ሲጽፍ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። «ጣናሐይቅ» በ5 የጥያቄ ምልክት ይቀመጣል፤ ባለቤቱ መግባት ያቅተውና አምስት ጊዜ ? የመታ ይገባል። የኮድ ገጹን ወደ 65001 መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ በላቲን ፊደልና በቁጥር መወሰን ይሻላል።

መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ሲደግሙት ይገባል

ሴት /ፒ (ፓስወርዱን የሚጠይቀው) እና ኢፍ (የሚያወዳድረው) በአንድ ቅንፍ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ቅንፉ ሲነበብ %ፓስ% ገና ሳይጠየቅ በነበረው ዋጋ ይተካል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያወዳድረው የቀደመውን ሙከራ ነው። ከላይ «ሴትሎካል ኢኔብልዲሌይድኤክስፓንሽን» ብለው በ%ፓስ% ፋንታ !ፓስ! ይጻፉ።

ይህን ሲያበሩ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ፓስወርዱ ስክሪፕቱ (ባች ፋይሉ) ውስጥ በቀጥታ ከተጻፈና ! ካለበት ምልክቱ ይጠፋል። % ካለበትም እጥፍ አድርጎ መጻፍ ግድ ነው። ከፋይል በሴት /ፒ የተነበበ ከሆነ ግን አይነካም።

መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይዘጋል

ኢፍ ያለ ጥቅስ ተጽፎ አንደኛው ወገን ባዶ ሲሆን ወይም ስፔስ ሲኖረው ነው። ጥቅስ ማድረግ ይረዳል፤ ግን %ፓስ% ከሆነ አሁንም ክፍተት አለ። ሰውየው ራሱ የጥቅስ ምልክት ከተየበ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ የትእዛዙ አካል ሆኖ ይነበባል፤ & አስከትሎም ሌላ ትእዛዝ ማስኬድ ይችላል። ደህናው አጻጻፍ ይህ ነው፦

ኢፍ "!ፓስ!"=="!ዋና!" ጎቱ ክፈት

ባዶ ኢንተር ይከፍተዋል

ከሁሉም የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ማንም ሳያማርር ለወራት ሊቆይ ይችላል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ሴት /ፒ ባዶ ኢንተር ሲያገኝ ተለዋዋጩን አይነካውም። ስክሪፕቱ ሥራ ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰ የጠዋቱ ተረኛ የተየበው ፓስወርድ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የከሰዓቱ ሰው ኢንተር ብቻ መትቶ ይገባል። ከመጠየቅዎ በፊት ያጽዱት፦

ሴት "ፓስ="
ሴት /ፒ "ፓስ=ፓስወርድ፦ "

ሌላው ዋና ባዶ ሲሆን ነው። ፋይሉ እየተጻፈ መብራት ከሄደ 0 ባይት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስክሪፕቱን በአድሚኒስትሬተር ካስነሱትም የሚነሳው ከሲስተም32 ፎልደር ስለሆነ ፋይሉን አያገኘውም። ባዶ ከባዶ ጋር ሲወዳደር እኩል ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ስለዚህ የፋይሉን ቦታ ሁልጊዜ በ%~ዲፒ0 ይጀምሩ፤ ሲያነቡትም ዋናን አስቀድመው ያጽዱ፤ ከማወዳደርዎ በፊትም «ኢፍ ኖት ዲፋይንድ ዋና» ከሆነ እንዲያቆም ያድርጉ።

ፓስወርዱ በኤዲት ይነበባል

በግልጽ ከማስቀመጥ ሃሹን (ከፓስወርዱ የሚሰላ፣ ወደ ፓስወርዱ የማይመለስ ኮድ) ማስቀመጥ ይሻላል፦ «ሰርትዩቲል -ሃሽፋይል» ብለው ፓስወርዱ የተጻፈበትን ጊዜያዊ ፋይል ስም፣ ቀጥሎ ኤስኤችኤ256 ይጻፉ። የሚፈለገው ሁለተኛው መስመር ነው፤ 64 ቁምፊ። 40 ብቻ ከመጣ የስልቱን ስም ረስተው በኤስኤችኤ1 ሠርቷል። ዊንዶውስ 7 ላይ በየሁለት ቁምፊው ስፔስ ስለሚያስገባ፣ እዚያ የተሠራው ሃሽ ዊንዶውስ 10 ላይ ከወጣው ጋር አይገጥምም፤ «ሴት "ሃሽ=!ሃሽ: =!"» ስፔሱን ያወጣል። ለማስላት የተጠቀሙበትን ጊዜያዊ ፋይል ወዲያው በዴል ያጥፉ፤ ፓስወርዱ ውስጡ በግልጽ አለ።

ሃሹም ቢሆን ገደብ አለው። ባች ፋይል የሚሠራው በተጠቃሚው በራሱ ፈቃድ ስለሆነ፣ ስክሪፕቱ የሚደርስበት ፎልደር ላይ ሰውየውም ይደርሳል። ኢፍ ያለበትን መስመር አጥፍቶ ማስነሳት ወይም ፎልደሩን በቀጥታ መክፈት ይችላል። በአትሪብ ትእዛዝ መደበቅም እይታን ከመቀነስ አያልፍም። የደንበኛ ሰነድ ካለ ለሠራተኛው የተለየ የዊንዶውስ አካውንት ይክፈቱና በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ፣ ሰኪዩሪቲ ውስጥ ፈቃዱን ይንሱት። ይህ የሚሠራው የዲስኩ ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ ሲሆን ነው። ብዙ ፍላሾች ይህን ፈቃድ የማይዘው ፋት32 ስለሆኑ እነሱን በሰቨን-ዚፕ፣ በኤኢኤስ-256 ይቆልፉ፤ ፎርማቱን 7ዜድ ያድርጉና የፋይል ስሞችንም የሚደብቀውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ አለዚያ ይዘቱ ቢቆለፍም የተማሪው ስምና የጽሑፉ ርእስ ከውጭ ይነበባል።