የድሮ ባለ ከለር ኗር ፊልም ዲስክ ስታወዳድሩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ፊልም ኗር (ያ የ1940ዎቹና 50ዎቹ ጨለምተኛ የወንጀል ፊልም ዓይነት) ሲባል ሰው ሁሉ የሚመጣበት ጥቁርና ነጭ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ባርኔጣ ምናምን ነው፣ ግን በከለር የተቀረጹም አሉ እኮ፣ ለኔ ቁንጮው ደግሞ የ1945ቱ «ሊቭ ኸር ቱ ሄቨን» ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጨለማ የሚባል ነገር ብዙም የለውም፣ ፀሐይ፣ ሐይቅ፣ ያማረ ቤት፣ የዋናዋ ተዋናይ የጂን ቲየርኒ ፊት፣ ክፋቱ ሁሉ በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው የሚሰራው። ካሜራውን የያዘው ሊዮን ሻምሮይ ኦስካር በልቶበታል። ፊልሙን የሰራው ስቱዲዮ ፎክስ በ2005 በዲቪዲ አወጣው፣ በ2013 ትዋይላይት ታይም የሚባል ዲስክ አውጪ በ3000 ኮፒ ብቻ ብሉሬይ አደረገው፣ በ2020 ደግሞ ሌላው ዲስክ አውጪ ክራይቴሪየን በ2ኬ ሪስቶሬሽን (እድሳት) መጣ። ታዲያ ሰው እነዚህን ጎን ለጎን አድርጎ ሲከራከር ሁሌም የሚሳሳተው እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

«ኦሪጅናሉ ከለር የቱ ነው?» ብሎ መጀመር። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቴክኒከለር፣ ማለትም ይሄ ፊልም የተሰራበት የከለር ዘዴ፣ በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚሰራ ካላወቃችሁ ክርክሩ ባዶ ነው። ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን የሚከፍል ፕሪዝም አለ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ለየብቻ በሦስት ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ ይቀረጻል፣ ከዚያ ላብራቶሪው ከሦስቱ ማተሚያ ሰርቶ ቀለሙን በፊልሙ ላይ በየተራ ያትማል። ስለዚህ ኔጋቲቩ ራሱ ላይ ከለር የሚባል የለም፣ ከለሩ የሚወለደው ሲታተም ነው። አሁን ደግሞ መጥፎው ዜና፣ ፎክስ በ1970ዎቹ የቴክኒከለር ፊልሞቹን ሦስቱን ኔጋቲቭ በአንድ ባለ ከለር ፊልም ላይ ገልብጦ እነዚያን ተቀጣጣይ የናይትሬት ኔጋቲቮች አስወገዳቸው። ቦታ ለመቆጠብ! የተገለበጠበት ፊልም ደግሞ እያደር ከለሩ የሚከዳ ዓይነት ነው። «ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ»ን ብታዩ ሦስቱም ኔጋቲቮች ስላሉ ለየብቻ ስካን አድርገው በኮምፒውተር ፀጉር በፀጉር ገጥመዋቸዋል፣ እዚህ ግን ሦስቱ አንድ ላይ ከተጋገሩ በኋላ ነው ሪስቶሬሽን ሰሪው የደረሰው። የከንፈሯ ቀይ ጠርዝ ላይ ትንሽ ፈሶ ካያችሁት ወይ ምስሉ ትንሽ ለስለስ ካለባችሁ ዲስክ አውጪውን ከመስደባችሁ በፊት ይሄን አስቡ፣ የሌለውን ከየት ያምጣው? እና ጥያቄው «የቱ እውነተኛ ነው» ሳይሆን «ይሄኛው ከምን ተነስቶ ተሰራ፣ ከለሩንስ ያስተካከለው ሰው ምን አይቶ ነው» ነው።

ደማቁን አሸናፊ ማድረግ። ቴክኒከለር ደማቅ ነው የሚለውን ሁሉም ሰምቷል፣ ስለዚህ ቀዩ የጮኸለት ዲስክ ያሸንፋል። እንደሱ አይደለም። ደረጃው ጋ ያለውን ሲን ውሰዱ፣ ውሃ ሰማያዊ የሌሊት ልብስ ለብሳ የምትቆምበትን። ልብሱን ትታችሁ መጀመሪያ ቆዳዋን እዩ፣ ብርቱካናማ ሆኗል ወይስ የሰው ፊት ይመስላል? ከዚያ ጥቁሩን ፀጉሯን፣ ዝርዝሩ አለ ወይስ አንድ ጥቁር ጉብታ ሆኗል? ከዚያ ጀልባው ላይ ጥቁር መነፅር አድርጋ የምትቀመጥበት (ፊልሙን ያላያችሁ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም፣ ሂዱና እዩት)፣ እዚያ የለበሰችው ነጣ ያለው ልብስ ወደ ቢጫ ሄዷል ወይስ ወደ አረንጓዴ? ቆዳ፣ ነጭና ጥቁር ከተስተካከሉ ቀዩ ራሱ ቦታውን ያገኛል።

በስክሪንሾት መፍረድ። አንዱ ከዲቪዲ ሌላው ከብሉሬይ የተወሰደ ስክሪንሾት ለጥፎ «አያችሁ አረንጓዴው ሲለያይ» ይላል። ዲቪዲና ብሉሬይ ከለር የሚያሰሉበት ቀመር እኮ አንድ አይደለም፣ ስክሪንሾቱን ያነሳው ፕሮግራም ቀመሩን ካምታታ አረንጓዴውም ቀዩም ይዛነፋል፣ ዲስኩ ላይ የሌለ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ቴሌግራም ጨምቆት፣ እናንተ በስልክ ብራይትነሱን ከፍ አድርጋችሁ እያያችሁት... ተዉት በቃ። የቆመ ፍሬም ደግሞ እንቅስቃሴ አያሳይም፣ ጭጋግና ውሃ ላይ ኢንኮዲንጉ (ምስሉ ዲስኩ ላይ እንዲገባ የተጨመቀበት) የሚፈራርሰው ሲንቀሳቀስ ነው። የራሳችሁ ቲቪ ላይም «ቪቪድ» የሚለው ሞድ እንደበራ ከሆነ ያወዳደራችሁት ዲስኮቹን ሳይሆን ቲቪውን ነው፣ ሲኒማ ወይ ፊልምሜከር የሚለው ላይ አድርጉና ያንን እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ነገር አጥፉት፣ የ1945 ፊልም ድራማ ተከታታይ እስኪመስል ድረስ የሚያደርገው እሱ ነው።

ግሬይን ሲያዩ ቆሻሻ ነው ማለት። ፊልም ላይ ያለው ምስል ራሱ ግሬይን ከሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሰራ ነው፣ እሱ ሲጠረግ የቆዳ ቀዳዳና የጨርቅ ሽመናም አብሮ ይጠረጋል። ሰርግ ላይ ፎቶ ቤት ሪታች ያበዛበትን ሙሽራ አይታችኋል አይደል፣ ፊቱ ሻማ የሚሆነውን፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው። «ጥርት ያለ» ሲሏችሁ ምን ጠፍቶ ነው የጠራው ብላችሁ ጠይቁ።

ኬ መቁጠር። 2ኬ (ኬ ማለት የምስሉ የዝርዝር መጠን ነው) ስለሆነ አልገዛም፣ 4ኬ እስኪመጣ እጠብቃለሁ የሚል አለ። መነሻው ግልባጭ በሆነበት ፊልም ላይ ጥሩ 2ኬ ስራ በቂ ነው፣ 4ኬ ቢመጣ የሚጠቅመው ምናልባት በኤችዲአሩ (የብርሃንና የጥላውን ልዩነት በሚያሰፋው) ይሆናል እንጂ ከዚያ ፊልም ውስጥ የተደበቀ ዝርዝር አይወጣም።

ግራና ቀኝ ያለውን ጥቁር መስመር «ዙም» ብሎ ማጥፋት፣ ኧረ በናታችሁ! ፊልሙ 1.37 ነው፣ ወርዱ ከቁመቱ ብዙም አይበልጥም፣ ስትወጥሩት ከላይ ጭንቅላት ከታች እጅ ነው የምትቆርጡት።

ደቂቃ ቆጥሮ «ተቆርጧል» ማለት። ፊልሙ 110 ደቂቃ ነው፣ የአውሮፓ ዲቪዲ ያለው ሰው ግን 105 ወይ 106 አይቶ ይደነግጣል። ምንም አልተቆረጠም፣ በፓል፣ ማለትም በአውሮፓው የቲቪ ሲስተም፣ በሰከንድ 24 የነበረው ፍሬም በ25 ስለሚሄድ 4 ፐርሰንት ያህል ይፈጥናል። ሙዚቃውም በዚያው ልክ ትንሽ ይቀጥናል፣ ጆሮ ያለው ሰው የሙዚቃውን ደራሲ የአልፍሬድ ኒውማንን ከበሮ ሲሰማ ያውቀዋል። ብሉሬይ ላይ ይሄ ችግር ብዙውን ጊዜ የለም።

ድምፁን ጭራሽ መርሳት። ስለ ምስል ሦስት ገጽ ይጻፍና ስለ ድምፅ አንድ መስመር። «ቨርቲጎ» ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፣ የ1958 ፊልም ነው፣ በ1996 ሲታደስ የእግር ኮቴው፣ ተኩሱ ምናምኑ እንደ አዲስ ተቀርጾ ነው የገባው፣ መጀመሪያ ላይ በጣሪያ ላይ ሲሯሯጡ ያለው ተኩስ ራሱ ሌላ ሆነ፣ የድሮውን የሚያውቁት ተመልካቾች አበዱ፣ በኋላ በወጡት ዲስኮች ላይ የጥንቱ ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል ድምፅ) እንደገና እንዲጨመር ሆነ። ስለዚህ የሳጥኑ ጀርባ ላይ 5.1 (ባለ ስድስት ቻናል ድምፅ) የሚል ስታዩ አትደሰቱ፣ ሞኖው አብሮ አለ ወይ ነው ጥያቄው።

ሪጅን ሳያዩ መግዛት። ዲስኮች የሚሰሩበት የዓለም ክፍል ሪጅን ይባላል፣ ይሄ በተለይ እኛን ነው የሚነካን። አሜሪካ ያለ ዘመድ ላኪልኝ ይባልና የክራይቴሪየን ብሉሬይ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ሪጅን ኤ ነው፣ አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይ ስቶክሆልም የተገዛ ፕሌየር ሪጅን ቢ ስለሆነ አላነብም ብሎ ይመልሰዋል። ዲቪዲ ላይ ይባስ ይለያያል፣ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና ገልፍ 2፣ ኢትዮጵያ 5። 4ኬ ዲስክ ሪጅን አይጠይቅም፣ ሳጥኑ ውስጥ አብሮት ያለው ብሉሬይ ግን ሊቆለፍ ይችላል። እና እባካችሁ ዘመዳችሁን ከማስቸገራችሁ በፊት ሳጥኑን ገልብጣችሁ፣ ኦንላይንም ከሆነ የጀርባውን ፎቶ አስልካችሁ፣ ያቺን ትንሽዬ «ኤ» ወይ «ቢ» የምትል ምልክት ፈልጉ።