በአንድ ግብ ልዩነት ለመጣ ሽንፈት ተጠያቂው የትኛው ክፍል ነው? እንዴት መለየት ይቻላል

2 ለ 1 ወይም 1 ለ 0 ከተሸነፉ በኋላ ጣት የሚቀሰረው ግቧ ስትቆጠር ካሜራው ባሳየው ሰው ላይ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁሌም ማለት ይቻላል ተከላካይ ወይም ግብ ጠባቂ ነው። ከመፍረድዎ በፊት ቪዲዮውን እንደገና ይክፈቱ።

1. የገባብዎትን ግብ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሱና ቡድኑ ኳሷን ባጣበት ቅጽበት ላይ ያቁሙ። ከኳሷ ኋላ ስንት ተጫዋች ቀርቷል? የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ፊት ሄደው ሳለ አማካዩ መሐል ሜዳ ላይ ከተነጠቀና ሁለት የመሐል ተከላካዮች ለሦስት አጥቂ ከተጋለጡ፣ ጥፋቱ የአማካይ ክፍሉ ነው። አራቱም ተከላካዮች ቦታቸውን ይዘው አጥቂው በመሐላቸው ካለፈ ግን የተከላካዮቹ ነው።

2. ግብ ጠባቂው። ሳይከለል ከ16.5 ሜትሩ ክልል ውጭ በተመታ ኳስ ከተቆጠረበት ይጠየቃል። የተፋ ኳስ ከሆነ አቅጣጫውን ይዩ፦ ወደ መሐል ከመለሰው ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ወደ ጎን አውጥቶት አጥቂ ከቀደመ፣ ያልተከተለው ተከላካይ ነው። ከአራት ፍፁም ቅጣት ምት ሦስቱ ያህል ስለሚገቡ፣ እዚያ ላይ የሚጠየቀው ጥፋቱን የሠራው ነው።

3. የማዕዘን ምትና ቅጣት ምት ለብቻቸው ይመዘኑ። ሰው በሰው የሚይዝ ቡድን ከሆነ ግቧን ያስቆጠረውን እንዲይዝ የታዘዘው ማን እንደነበር ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ረጅሙ አጥቂያችሁ ሆኖ ይገኛል! ቦታ የሚጠብቅ ቡድን ከሆነ ኳሷ የወደቀችበት ቦታ ባለቤት ይጠየቃል።

4. አሁን ወደ ተቃራኒው ግብ ይሂዱ፤ አብዛኛው ተመልካች የሚዘለው ይህን ነው። የሙከራ ብዛት ያታልላል። በአማካይ ከአሥር ሙከራ አንዱ ያህል ነው ግብ የሚሆነው፣ ያም ከየት እንደተመታ ይለያያል። ስለዚህ በክልሉ ውስጥ ከመሐል በእግር የተመቱትን ብቻ ለይተው ይቁጠሩ። ከ20 ሙከራ 14ቱ ከሩቅ ከሆኑ፣ አማካዮቹ ኳሷን ወደ ክልሉ ማስገባት አልቻሉም ማለት ነው፤ አጥቂውን መውቀስ ግፍ ነው። አምስት ስድስት ንጹህ ዕድል ባክኖ ከሆነ ግን ጉዳዩ የአጥቂዎቹ ነው። ከጨዋታ ውጭ የተባሉትንም ይመዝግቡ። በ2022 የዓለም ዋንጫ አርጀንቲና በሳዑዲ ዓረቢያ 2 ለ 1 ስትሸነፍ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ግብ ከጨዋታ ውጭ ተብሎ ተሽሮባታል። እዚያ የጎደለው የሯጩና የአቀባዩ መናበብ ነበር።

5. ቀይ ካርድ ወይም ቅያሪ ካለ ጨዋታውን በዚያ ደቂቃ ለሁለት ከፍለው እያንዳንዱን ለየብቻ ይመዝኑ።

በአጥቂዎች ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከሌሎቹ ይልቅ መዘግየት አለበት፣ አጨራረስ በአንድ ጨዋታ ስለማይለካ። ስፔን በ2010 የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታዋ በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ተሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። ዕድል እየተፈጠረ የሚመክን ከሆነ ሦስት አራት ጨዋታ ይጠብቁ፤ ዕድሉ ራሱ ካልተፈጠረ ግን መጠበቅ አያስፈልግም።