የታይ ማሳጅ ለነፍሰ ጡር፦ በጎን አስተኝቶ ማሸት

እህቴ 7ኛ ወሯን ይዛ ነበር። ወገቧ ሌሊት ሌሊት አላስተኛት ብሎ ተቸግራለች። እኔ ደግሞ ባንኮክ፣ ዋት ፎ ቤተ መቅደስ ካለው ትምህርት ቤት የ30 ሰዓት መሠረታዊ የታይ ማሳጅ ኮርስ ጨርሼ መመለሴ ነው። እንደተማርኩት ፍራሽ ላይ በጀርባዋ አስተኛኋትና ከእግሯ ጀመርኩ። 5 ደቂቃ አልሞላም፤ «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለችኝ። ፊቷ ገርጥቷል፤ ላብ አጥምቋታል። ደንግጬ በግራ ጎኗ አዞርኳት። ትንሽ ቆይቶ መለስ አለላት።

በማግስቱ የምትከታተላት አዋላጅ ነርስ ምክንያቱን አስረዳችን። ከ20 ሳምንት ገደማ በኋላ ማህፀን ይከብዳል። እናትየው በጀርባዋ ስትተኛ ከታችኛው አካል ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ደም ሥር ይጫነዋል። ያኔ ግፊቷ ይወርዳል፤ ለልጁም የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፍሰ ጡርን የማሸው በጎን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የክትትል ሐኪሟን ወይም አዋላጇን ትጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት እኔ አላሽም። ደም ከታያት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት፣ ፊቷና እጇ በድንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካላት፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ወይም አንድ እግሯ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመማት ማሳጁን ተዉት። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ወለል ላይ ስስ ፍራሽ፣ 4 ትራስ፣ አንድ ጋቢ፣ ለእሷ ሰፊ ልብስ። የታይ ማሳጅ ልብስ እንደተለበሰ ነው የሚሠራው፤ ቅባት አያሻም። ለሆድ ቀዳዳ ያለውን የማሳጅ አልጋ አልወደውም፤ ሆዱ ሲንጠለጠል ጅማቱ ይወጠራል። ለኔ ከእሱ ጋቢው ይሻላል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ትራስ አደራደሩ። በግራ ጎኗ ትተኛ። አንዱን ትራስ ከራሷ ሥር አድርጉ፤ አንገቷ ከጀርባዋ ጋር ቀጥ ይበል። ሁለቱን ደራርባችሁ ከላይኛው እግሯ ሥር አስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትራሱን ጉልበቷ ሥር ብቻ ይሸጉጣል። ያኔ የእግሯ ጫፍ ይንጠለጠላል፣ ጭኗ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ወገቧም አብሮ ይጠመዘዛል። የሚያማት ቦታ ላይ ሌላ ሕመም ጨመራችሁባት ማለት ነው። ትራሱ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይድረስ፤ ጉልበቷም ከዳሌዋ እኩል ከፍ ይበል። አራተኛውን ትራስ ትቀፈው፤ ትከሻዋ ወደ ፊት አይወድቅም።

ጋቢውን አጥፋችሁ ከሆዷ ሥር ቀስ አድርጋችሁ ሸጉጡ። ክፍተቱን ይሙላ እንጂ ሆዱን ወደ ላይ አይግፋ። ትራስ ለዚህ ይወፍራል፤ ጋቢን ግን እጥፉን እየቀነሳችሁ ልክ ታደርጉታላችሁ። ልክ መሆኑን ከትንፋሿ ታውቁታላችሁ፤ ይረዝማል፣ ትከሻዋም ዝቅ ይላል። እህቴ በሁለተኛው ቀን እንዲህ ሳመቻቻት፣ እጄ ሳይነካት እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

ከጀርባዋ ተንበርከኩ። መዳፋችሁን ከአከርካሪዋ አጠገብ ባለው ጡንቻ ላይ አሳርፉ፤ አጥንቱን አትንኩ። ክንዳችሁን ሳታጥፉ ዘንበል በሉ። የሚጫነው የሰውነታችሁ ክብደት ነው፤ እጅ ብቻውን ቶሎ ይደክማል። ትንፋሽ ስታወጣ ተጫኑ፣ ስታስገባ ልቀቁ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ዳሌዋና መቀመጫዋ ላይ ስትደርሱ ቆዩ፤ ሕመሙ በብዛት የሚከማቸው እዚያ ነው። «በዛ ወይ?» እያላችሁ ጠይቋት።

እግር ላይ እጃችሁን አቅልሉ። በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ በቀላሉ ይረጋል፤ የረጋ ደም ባት ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ባቷን በአውራ ጣት ጠልቃችሁ አትጫኑ። መዳፋችሁን እያሳረፋችሁ ማለፍ ይበቃል። ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለውንም ቦታ እለፉት፤ ባህላዊ አሺዎች ምጥ ይጠራል ብለው ይተዉታል።

ታዮች ኑአድ ታይ የሚሉትን ይህን ጥበብ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የሚታወቅበት ግን መሳቡ፣ መጠምዘዙ፣ ጀርባ ላይ በእግር መቆሙ ነው። ይህ ሁሉ ለነፍሰ ጡር ይቅር። የእርግዝና ሆርሞን መጋጠሚያዎቿን አላልቷቸዋል፤ ስትስቧት ላይሰማትና ሕመሙ በማግስቱ ሊመጣ ይችላል። ብሽሽት ላይ ደም ሥሩን ይዞ መልቀቅም አለ፤ «የነፋስ በር መክፈት» ይሉታል። እሱም ይቅር።

ሆድ አይታሽም። እኛም አገር ልጁን ለማስተካከል ተብሎ ሆድን በቅቤ ማሸት የኖረ ልማድ ነው። በደግነት እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ አያቴም ታደርገው ነበር። ግን ጫናው የእንግዴ ልጁን ሊያላቅቀው ይችላል። ሆዷን መንካት ከፈለገች የራሷን እጅ ታሳርፍበት።

ትከሻ፣ ራስና የእግር መዳፍ ቀላል ናቸው፤ ደስ እንዳላት እሹላት። ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኗ ትዙር፤ ትራሱን እንደገና ደርድሩ። በዚህ በኩል ቆይታው አጠር ይበል። ሁለቱም ጎን ተደምሮ 45 ደቂቃ ይበቃል።

ስትነሳ ቀጥ ብላ አትነሳ። መጀመሪያ እግሯን ትጠፍ፣ ከዚያ በእጇ ገፍታ በጎኗ ትቀመጥ። ውሃ ስጧትና ትንሽ ትቆይ። እስክትቆም ድረስ አጠገቧ ሁኑ።