"ባክአፕ አለን" ብቻ አያድንም፦ ሲስተም ሲወድቅ የሚያጋልጡ ስህተቶች

"ባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) አላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ "የለንም" የሚላችሁ አታገኙም። ቀጥላችሁ "ከባክአፑ ሲስተሙን መልሳችሁ ያነሳችሁት መቼ ነው?" በሉ። ያኔ ዝም ዝም ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ዝምታ ነው። ሰርቨር ይሞታል፣ ዲስክ ይበላሻል፣ ሰው ይሳሳታል። ይህን ማስቀረት አንችልም። በስንት ሰዓት እንደምንመለስና ምን አጥተን እንደምንመለስ ግን አስቀድመን መወሰን እንችላለን። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

ባክአፑን ሞክሮ አለማየት

ይሄ የሁሉም አባት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ ላይ የደረሰውን እንይ። አንድ ኢንጂነር አልሠራ ያለ ሪፕሊኬሽን (የዋናውን ዳታቤዝ ለውጥ እየተከተለ ወደ ተጠባባቂ ሰርቨር የሚገለብጥ አሠራር) ለማስተካከል አምሽቶ እየታገለ ነው። ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ወደ 300 ጊጋባይት የሚጠጋ ዳታ በሰከንዶች ውስጥ ሄደ። "ችግር የለም፣ ባክአፕ አለ" ተባለ። ተከፍቶ ሲታይ ባዶ ነው! ለካ ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር ስላልገጠመ በየቀኑ እየከሸፈ ነበር። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ አይደርሱም፤ መንገድ ላይ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሙከራ ብሎ ከ6 ሰዓት በፊት በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የዚያ 6 ሰዓት ዳታ ግን አልተመለሰም።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። በየወሩ አንድ ባክአፕ አንሱና ባዶ ሰርቨር ላይ መልሱት። አፕሊኬሽኑን አስነሱ። ግቡበት፣ የትናንቱን ደረሰኝ ፈልጉ፣ ሰዓት ያዙ። "ባክአፕ ተሳክቷል" የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አትመኑት። ፋይል መጻፉን እንጂ ፋይሉ እንደሚነሳ አይነግራችሁም።

ሪፕሊካን ባክአፕ ነው ብሎ ማመን

ሪፕሊካ፣ ማለትም ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጠው ተጠባባቂ፣ የሚጠቅመው ማሽን ሲሞት ነው። ሰው ሲሳሳት አያድንም። የደንበኞችን ሠንጠረዥ በስህተት ብታጠፉ ሪፕሊካው በታማኝነት ይከተላችሁና እሱም ያጠፋል። ስለዚህ ወደ ኋላ ሊመልሳችሁ የሚችል የቆየ ቅጂ የግድ ነው፤ የትናንት፣ የሳምንት፣ የወር።

ቅጂውን ከዋናው ጎን ማስቀመጥ

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ ሰርቨር የሚያከራየው የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ማዕከል) ተቃጠለ። አንዱ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ባክአፓቸው እዚያው የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አንድ ላይ አጡ። "ክላውድ ላይ ነን" ማለት መልስ አይደለም፤ ክላውድም የሆነ ቦታ የቆመ ሕንፃ ነው። አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ይሁን። ደግሞ ርቀት ብቻ አይበቃም፤ የዋናው ሲስተም የአድሚን ፓስወርድ ባክአፑንም የሚከፍት ከሆነ፣ ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰርጎ ገብ መጀመሪያ የሚያጠፋው ባክአፑን ነው። የባክአፑ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ከዋናው የተለየ ይሁን፤ አንዱ ቅጂም ማንም ሊሰርዘው የማይችል ይሁን።

አንድ ቦታ ስሠራ ያየሁት አለ። ባክአፑ ሌላ ቦታ ነበር፣ ጤነኛ ነበር፣ በደንብ ተመስጥሯል። መፍቻ ቁልፉስ? የሞተው ሰርቨር ላይ። ፋይሉ እፊታችን እያለ መክፈት ያቃተን ያ ሌሊት አሁንም ትዝ ይለኛል።

ቁጥር ሳይቀመጥ ዕቃ መግዛት

ከመሣሪያ በፊት ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የስንት ጊዜ ዳታ ማጣት እንችላለን? ያለ ሲስተሙስ ስንት ሰዓት እንቆያለን? ባለሙያዎች የመጀመሪያውን አርፒኦ፣ ሁለተኛውን አርቲኦ ይሉታል። ባክአፕ የሚወሰደው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሆኖ ዲስኩ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቢሞት የ17 ሰዓት ሥራ ጠፋ ማለት ነው። ይህን የሚሸከመው አይቲ ክፍሉ አይደለም፤ ሽያጩ፣ ሒሳቡ፣ መጋዘኑ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን እነሱ ይንገሯችሁ፣ ዋጋውን እናንተ ንገሯቸው። ለሁሉም ሲስተም እኩል መጨነቅም ልክ አይደለም። ክፍያ የሚቀበለውና የስብሰባ አዳራሽ የሚያስይዘው አንድ አይደሉም።

"አገልግሎታችን 99.9 በመቶ እንደማይቋረጥ ዋስትና አለን" ሲባልም አስሉት። በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቋረጥ ማለት ነው። አፕሊኬሽናችሁ እንዲህ ዓይነት 3 አገልግሎቶች ላይ ተደግፎ አንዱ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ወደ 26 ሰዓት ይጠጋል።

"ሁለት ሰርቨር ስላለን አንወድቅም"

ሁለቱም በ70 በመቶ አቅም እየሠሩ ከሆነ አንዱ ሲወድቅ የተረፈው 140 በመቶ ይጫንበታል። እሱም ይከተላል። ሁለቱ አንድ ማከማቻ፣ አንድ የኔትወርክ ስዊች ወይም አንድ የኤሌክትሪክ መስመር የሚጋሩ ከሆነም ሁለት አይባሉም።

ሌላው አደጋ መስመሩ ብቻ ሲቆረጥ ነው። ሁለቱም ሰርቨሮች በሕይወት አሉ፣ ግን አይተያዩም። እያንዳንዱ "ጓደኛዬ ሞቷል፣ ዋናው እኔ ነኝ" ብሎ ዳታ መቀበል ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018 እንደ ጊትላብ የኮድ ማስቀመጫ በሆነው ጊትሃብ ላይ ኔትወርኩ የተቋረጠው ለ43 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ በሁለት ቦታ የተጻፈውን ዳታ አስታርቆ አገልግሎቱን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ግን ከ24 ሰዓት በላይ ፈጀ። ለዚህ ነው ዋናው የትኛው እንደሆነ ድምፅ የሚሰጥ ሦስተኛ ማሽን እንደ ዳኛ የሚያስፈልገው፤ አብላጫ ድምፅ ያላገኘ ወገን መጻፍ ያቁም።

ዕቅዱን አብሮ በሚወድቅ ነገር ላይ ማስቀመጥ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ሲጠፋ የውስጥ መሣሪያዎቹም በዚያው ኔትወርክ ላይ ስለነበሩ አብረው ጠፉ። ኢንጂነሮቹ በአካል ዳታ ሴንተር ድረስ መሄድ ነበረባቸው። የእናንተ መመሪያ የት ነው? የስልክ ቁጥሮቹስ? ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ እሱም ዕረፍት ላይ ሊሆን ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቅደም ተከተሉን ጻፉ፣ በወረቀት አትሙት፣ ከዚያ ሲስተሙን ያልሠራው ሰው አንብቦ ይሞክረው። የት ላይ እንደሚደናቀፍ ስታዩ ምን እንደጎደለ ይገባችኋል። "ተጠባባቂው ዋና ይሁን" ብሎ የሚወስነው ሰው ስምም ከነምትኩ ይጻፍ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፈቃድ ሲፈለግ ብዙ ሰዓት ይባክናል።

መሄዱን እንጂ መመለሱን አለማሰብ

ወደ ተጠባባቂው ዞራችሁ ለሦስት ቀን ሠራችሁ እንበል። ዋናው ተጠገነ። አሁን የሦስቱ ቀን ዳታ ያለው ተጠባባቂው ላይ ነው፤ የቆየው እንዳይጽፍበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተጠገነው ሰርቨር ላይ ያለውን አሮጌ ዳታ ወደ ጎን አስቀምጡ፣ ከተጠባባቂው እንደ አዲስ ሪፕሊካ ይቀበል፣ እኩል ሲሆኑ ሥራ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰዓት አዙሩት። በልምምድ ቀንም ጉዞውን ደርሶ መልስ አድርጉት።