የቤት ወይም የትንሽ ቢሮ ኔትወርክ እንዴት ይዘረጋል?

ኢንተርኔት ሲንቀራፈፍ ሁላችንም መጀመሪያ የምንወቅሰው አገልግሎት ሰጪውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው። ኬብሉ በደንብ አልታሰረም፣ ወይም ራውተሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀብሯል። ከጅምሩ በጥንቃቄ የተዘረጋ ኔትወርክ ግን ለዓመታት ራስ ምታት አይሆንም።

1. መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይሳሉት

ክፍሎቹን ይሳሉና ዴስክቶፑ፣ ፕሪንተሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካሜራው የት እንደሚቀመጥ ምልክት ያድርጉ። እኔ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም፦ ከቦታው የማይነቃነቅ ዕቃ ሁሉ በኬብል ይገናኝ። ዋይፋዩ ለስልክና ለላፕቶፕ ይተው። የሚሻሙት ዕቃዎች ሲቀንሱ ለቀሩት ይፈጥናል።

2. ዕቃ መግዛት

ራውተር፣ ኬብል፣ አርጄ 45 ማገናኛ፣ ክሪምፐር (ማገናኛውን ኬብሉ ላይ የሚጨምቀው መቆንጠጫ) እና የኬብል ቴስተር (መፈተሻ) ያስፈልጋል። የራውተሩ ፖርቶች (የኬብል መሰኪያዎች) ካልበቁ፣ መሰኪያ የሚያበዛውን ስዊች ይጨምሩ፤ ተራው ስዊች ምንም ማስተካከያ አይፈልግም፣ መሰካት ብቻ ነው። ካት 5ኢ (Cat5e) የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ይሸከማል። ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ኬብል ግን በርካሽ ተገኘ ብለው አይግዙ። ሲታጠፍ ውስጡ በቀላሉ ሊበጠስ ይችላል። ንጹህ መዳብ ይጠይቁ።

3. ኬብሉን መዘርጋትና ማሰር

ኬብሉን ከኤሌክትሪክ መስመር አርቀው ይዘርጉ፤ ጫፉ ላይም ትርፍ ይተዉ። ዋናው ሥራ ማገናኛውን ማሰሩ ነው፤ ረጋ ብለው ይሥሩት።

ውስጥ ያሉት 8 ገመዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዘዋል። የማገናኛው የመዳብ ጥርሶች ወደ እርስዎ ዞረው ኬብሉ ከታች ሲገባ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ (ነጭ ላይ ብርቱካናማ መስመር ያለው)፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ ላይ እንዲሁ።

አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሃል አስገብቶ መለያየቱን ልብ ይበሉ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። «ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት እስከሆኑ ድረስ ምን ችግር አለው?» ብለው ጥንዶቹን በተርታ ይደረድራሉ። 3ኛውና 6ኛው ቦታ ግን አንድ ሲግናል ነው የሚሸከሙት፣ ስለዚህ ከአንድ ጥንድ መሆን አለባቸው። ከተለያዩ ጥንዶች ከሆኑ የአንዱ ሲግናል ሌላውን ይረብሻል። አንድ ቢሮ ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ። ቴስተሩ 8ቱንም መብራት ያበራል፣ ፕሪንተሩም ያትማል፣ ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን መስመሩ ይቆራረጣል። ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው በትክክለኛው ተራ ሲታሰሩ ችግሩ ጠፋ። ርካሹ ቴስተር ገመዱ መድረሱን እንጂ ጥንዱ መጠበቁን አይነግርም።

ጥምዝምዙን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፍቱ። ከመጭመቅዎ በፊት የማገናኛውን አፍንጫ በብርሃን ይመልከቱ፤ 8ቱም የመዳብ ጫፎች የማገናኛውን የፊት ግድግዳ መንካት አለባቸው። የኬብሉ ልባስም ማገናኛው ውስጥ ገብቶ መቆንጠጥ አለበት። አለበለዚያ ኬብሉ በተጎተተ ቁጥር የሚሳቡት ቀጫጭኖቹ ገመዶች ናቸው።

ሰክተው ኮምፒውተሩ ላይ የግንኙነቱን ፍጥነት ይዩ። ሁለቱም ዕቃዎች ጊጋቢት እየቻሉ 100 ሜጋቢት ካሳየ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ለ100 ሜጋቢት 4 ገመድ ይበቃል፣ ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል።

4. ራውተሩ

ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ከብረትና ከማይክሮዌቭ ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ሩቅ ይደርሳል፤ 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ጎረቤት ዋይፋይ ከበዛ በ2.4ቱ ላይ ቻናል 1፣ 6 ወይም 11ን ይሞክሩ።

ብሮውዘር ላይ ጽፈው ማስተካከያው ውስጥ የሚገቡበት አድራሻ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ገና እንደገቡ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ ይቀይሩ። ለዋይፋዩ ጥበቃ ደብሊውፒኤ 3 (WPA3)፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ 2 (WPA2) ይምረጡ፣ ያለ ፓስወርድ በአዝራር ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስን (WPS) ያጥፉ፣ ሶፍትዌሩን ያድሱ። ሱቅ ወይም ቢሮ ከሆነ ለደንበኞች የእንግዳ ዋይፋይ ይክፈቱ። የሒሳብ ኮምፒውተርዎ ያለበትን ኔትወርክ ለማንም አይስጡ።

5. ሁለተኛ ራውተር ከጨመሩ

ሁለተኛውን ራውተር ዋይፋይ አሰራጭ ብቻ የሚያደርገውን አክሰስ ፖይንት (Access Point) የሚለውን ምርጫ ያብሩ። ከሌለው አድራሻውን ለምሳሌ ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ ወደ 192.168.1.2 ይቀይሩ፣ ለየዕቃው አይፒ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥር) የሚያድለውን ዲኤችሲፒ (DHCP) ያጥፉ፣ ከዋናው ራውተር የሚመጣውንም ኬብል ዋን (WAN) ሳይሆን ላን (LAN) በሚለው ፖርት ይሰኩ። ሁለት ራውተሮች በአንድ ኔትወርክ አይፒ አድራሻ ካደሉ አንዱ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ሌላው እምቢ ይላል፤ ነገ ደግሞ ይገለባበጣል። ምክንያቱን ለማያውቅ ሰው ያሳብዳል።

6. ፕሪንተሩ

ራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ይያዙለት። መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ከተቀየረ ኮምፒውተሮቹ ፕሪንተሩን ሊያጡት ይችላሉ። የእያንዳንዱን ኬብል ሁለት ጫፎችም ወዴት እንደሚሄዱ ጽፈው ይለጥፉባቸው።